ባሌን ዝናብ ላይ ያቆመው ፓስወርድ

በየቤቱ አንድ የዕቃ ሐኪም አለ። ማንም አልሾመውም፤ ትምህርቱንም የት እንደጨረሰ የሚያውቅ የለም። ብቻ አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፍቶ በጎኑ መታ ሲያደርገው ድምፁ ተመለሰለትና፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ በሥልጣኑ ሥር ወደቀ። እናንተም ቤት አለ፤ አትደብቁኝ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ካውያው አልግል ሲል፣ "ቆይ፣ አትንኩት" ብሎ የሚነሳው ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በሽታው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ኮኔክሽን ነው።" ምን ከምን ጋር እንዳልተገናኘ ግን አይናገርም።

የኛ ቤት ሐኪም ባሌ ይበልጣል ነው። በሙያው ቀያሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ በአንድ ዓይኑ ሲያይ ይውላል። ቤት ሲገባ ደግሞ በሁለቱም ዓይኖቹ ዋይፋዩን ያያል። መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች ራቱን በሰላም ይበላል፤ ቀይ ከሆነች ወጡ ይቀዘቅዛል። መስመሩን ያስገባው እሱ፣ ሳጥኗን ብፌው ላይ በክብር ያስቀመጣት እሱ፣ ፓስወርዱን የሚያወጣውም የሚያውቀውም እሱ ብቻ። እንግዳ መጥቶ "ፓስወርዱን ንገረኝ" ቢለው አይነግረውም፤ ስልኩን ይቀበልና፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ራሱ ጽፎ ይመልስለታል። እኔ ሚስቱ እንኳ የማውቀው ነጠብጣቡን ብቻ ነበር።

የምንኖረው እንጅባራ ነው። እንጅባራን ለማታውቋት፣ ክረምቱ ልሂድ ብሎ ከተነሳ በኋላ ጋቢውን ደርቦ ተመልሶ የሚቀመጥባት ከተማ ናት። እናቴ ከዳንግላ ልትጠይቀን የመጣችው በእንዲህ ያለው ወራት ነው። "ለሳምንት ነው" ብላ መጣች። ሳምንቱ አለቀ። ሌላ ሳምንት ተተካ። እሱም ሄደ፤ እናቴ አልሄደችም።

እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ጡረታ የወጣችው ግን ከደመወዙ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። በመጣች በማግሥቱ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በፊደል ተራ አስያዘችው፤ በርበሬ ከበሶ አጠገብ፣ ሽሮ ከሰሊጥ ኋላ። ይበልጣል ጭቃ የነካውን ጫማ የት ማውለቅ እንዳለበት ተማረ። ፎጣ እንዴት እንደሚሰቀል ተማረ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በሩን ከመክፈቱ በፊት ሲያንኳኳ አይቼዋለሁ። የራሱን በር።

እኔና እሷ ስንገናኝ ደግሞ አፋችን የሚፈታው በአዊኛ ነው። ይበልጣል የሞጣ ልጅ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ከአዊኛ የያዘው ሰላምታውንና "ጠግቤያለሁ" የሚለውን ብቻ ነው። ሁለተኛው እናቴ ቤት በሄድን ቁጥር ሕይወቱን አድኖታል። እና አመሻሽ ላይ እኔና እናቴ ከሶፋው ግራና ቀኝ ተቀምጠን የዳንግላን ሰው አንድ በአንድ እያነሳን ስንስቅ፣ እሱ መሃል ላይ ሆኖ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል፤ ሳቃችን ሊያልቅ ሲል ትንሽ ዘግይቶ እሱም ይስቃል። በምን እንደሳቅን ሳያውቅ። እኔ እየሳቅኩ ስለነበር አላየሁትም።

ያን ሰሞን የማስተርስ ጽሑፌን ዲፌንድ የማደርግበት ቀን ደርሶ ነበር። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ጽሑፌም ስለ ዲከረንስ ነው፣ ያ የኛ አገር ገበሬ ለከሰል ብሎ የሚተክለው ዛፍ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አፈሩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጭቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተንሸራተትኩ የማውቀው እኔና ጉልበቴ ነን። ከፈታኞቹ አንዱ ሩቅ ስለሆኑ ነገሩ በኢንተርኔት ይሁን ተባለ። ቀኑ ካመለጠኝ ለሌላ ዓመት ተመዝግቤ እንደገና ተራ መጠበቅ ነው። የስልኬ ዳታ ደግሞ ያን ሰሞን ድምፅ እንጂ ምስል የመሸከም አቅም አልነበረውም። ተስፋዬ ሁሉ ብፌው ላይ ያለችው ሳጥን ነበረች።

ላፕቶፔ በዋዜማው ቫይረስ ገብቶበት ፎርማት ተደርጎ መጣ። ፎርማት ማለት ገላውን ታጥቦ፣ ጥፍሩን ተቆርጦ፣ አምሮበት የመጣ፣ ነገር ግን ዘመዶቹን አንድም የማያውቅ ሰው ማለት ነው። ጠዋት ስከፍተው የቤታችንን ዋይፋይ ከሩቅ አየና "ፓስወርድ?" አለኝ፤ ዕድሜ ልኩን አብሮን ያልኖረ ይመስል።

ይበልጣልን ጠራሁት። መጣና የሐኪም ፊቱን አደረገ። "ዞር በይ" አለኝ። ዞርኩ። ጻፈ። ላፕቶፑ ትክክል አይደለም አለው። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣቱ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ ደገመው። አሁንም ትክክል አይደለም።

"ኮኔክሽን ነው" አለ ይበልጣል።

እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ በስልኳ ስለ ዶሮ እርባታ ቪዲዮ እያየች ነበር። ዓይኗን ሳታነሳ "ለኔ ይሠራል" አለች።

ዋይፋዩን አጠፋው፤ አበራው። ላፕቶፑን አጠፋው፤ አበራው። ሁለቱንም አጥፍቶ እኩል ሊያበራቸው አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለራሱ አድርጎ "አሁን" ሲለኝ ተጫንኩ። ምንም የለም። ከዚያ ሳጥኗን ከነሽቦዋ አቅፎ፣ ሽቦው እስከፈቀደለት ድረስ፣ እንደ ክርስትና ሕፃን ቤቱን አዞራት። መስኮቱ ጋ ወሰዳት። ከላፕቶፑ ፊት ለፊት አስቀምጦ ትንሽ ጠበቀ፤ ሁለቱ እንዲተዋወቁ ይመስለኛል።

"ለኔ ይሠራል" አለች እናቴ፤ ዶሮዎቹ ከስልኳ ውስጥ እየጮሁ።

ሰዓቴን አየሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን የሆነውን ስንታየሁን ጠራሁት፤ እኔ ያለሁበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ቁርሱን እያላመጠ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ላፕቶፑን ወዲያ ወዲህ ነካካው፤ ከዚያ በጣም ቀላል በሆነ ድምፅ እንዲህ አለ፦

"ይበልጣል፣ ፓስወርዱን እንደገና ጻፍና ይቺን የዓይን ምልክት ንካት። ነጠብጣቡ ወደ ፊደል ይቀየራል። የቱ ጋ እንደተሳሳትክ እናያለን።"

ባሌ ጭቃማ ቁልቁለት ላይ መሣሪያው ሲወድቅበት አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን እንኳ ፊቱ እንዲህ አልሆነም።

"አልተሳሳትኩም" አለ።

"አይተን ብንተወው ምን አለበት?"

"የዓይን ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ከውጭ ነው። ሽቦው ዝናብ ገብቶበታል።"

"ለእማማ እየሠራ ሽቦው ምን አደረገ?" አለ ስንታየሁ። ግን የሚነግረው ለበሩ ነበር፤ ይበልጣል መጻፉን ጽፎ፣ ዓይኗን ሳይነካት፣ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጥቷል። ወዲያው መሰላሉ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ሰማን። ዝናቡ ዶፍ ነበር።

አሁን ፍረዱኝ። ፈታኞቼ እኔን ሊጠብቁ ነው፣ ባሌ ጣራ ጥግ ላይ ነው፣ የዓይን ምልክቷ ፊቴ ላይ ናት። ነካኋት።

ነጠብጣቡ ተበትኖ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ረጅም ቃል ወጣ። "አማቴመሴዪኤዳሉ" ይላል። ባዮሎጂ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት የተክል ስም ነው። ከዲከረንስ ጋር የሚዘመድ አንድ ቁጥቋጦ መሰለኝ። ስንታየሁ ግን ከኋላዬ አጎንብሶ፣ እንደ አስተማሪ ወጉ ጮክ ብሎ፣ "አማቴ መ..." ብሎ ጀመረና ቁርሱ ትን አለው።

ያኔ እኔም አነበብኩት። አማቴ መቼ ይሄዳሉ።

እናቴ ከሶፋው ላይ "ምን ይላል?" አለች።

"የሳይንስ ስም ነው እማማ" አለ ስንታየሁ እያሳለ። "የ... የተክል።"

በዚያች ቅጽበት መናደድ ነበረብኝ። ደግሞም ልናደድ ተነስቼ ነበር። ግን አንድ ነገር አየሁ፤ "ትሄዳለች" አላለም። "ይሄዳሉ" ነው ያለው። ሰው ሊሰማው በማይችልበት፣ በነጠብጣብ በተሸፈነ፣ በባዕድ ፊደል በተጻፈ ቅሬታ ውስጥ እንኳ እናቴን በአክብሮት ነው የጠራት። በልቡ ሲያማርር ቆቡን አውልቆ የሚያማርር ሰው አግብቻለሁ ማለት ነው። ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ መጣ። ስንታየሁም እየተመለከተኝ በአፍንጫው መሳቅ ጀመረ። ሁለታችንም እናቴ እንዳታየን ላፕቶፑ ላይ ተደፋን።

ተደፍተን ሳለ ነው ስሕተቱ የታየን። "ይሄዳሉ" ውስጥ "ሄ" የለችም። "መቼ" የሚለውም "ቼ" መሆን አቅቶት "ሴ" ሆኗል። ይበልጣል በትክክል ጽፏል፤ ኤች የምትባለው አንዷ ፊደል ናት ያልታዘዘችው። ላፕቶፑን ገልብጬ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት። አንዲት የገብስ ቆሎ ከቁልፎቹ መሃል ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች። እናቴ ከዳንግላ ያመጣችው ቆሎ። ስንታየሁ አነሳትና አያት፤ ከዚያ፣ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ በላት።

የእናቴን መሄድ በገዛ ጣቴ፣ ፊደል ሳልገድፍ ጻፍኩት። ላፕቶፑ አንዴ አሰበና ተገናኘ።

ወዲያው የፈታኞቹ ፊት ስክሪኑን ሞላው። ስንታየሁ በጫማው ጫፍ እየተራመደ ወጣ፤ እናቴ ዶሮዎቿን ዝም አሰኘች። ጀመርኩ። እንዴት እንደተናገርኩ አትጠይቁኝ። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል፤ ስለ አፈር አሲድነት ሳወራ ድምፄ የሠርግ ዜና የማበሥር ያስመስላል። ሩቅ ያሉት ፈታኝ መነጽራቸውን አስተካክለው "ተማሪዋ ርዕሱን በጣም እንደምትወደው ያስታውቃል" አሉ። አማካሪዬ፣ አንድም ቀን ስስቅ አይተውኝ የማያውቁት፣ ወደ ካሜራው ቀረብ ብለው አዩኝ።

የባሰው ደግሞ መስኮቱ ነበር። ከስክሪኑ በላይ ቀና ስል ይበልጣል ይታየኛል። መሰላሉ ላይ ቆሟል፤ ሽቦውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ዝናቡ ከፀጉሩ ወደ አንገቱ እየወረደ። ውስጥ ስናገር ሲያየኝ ጊዜ ሽቦውን በመያዙ የተሠራ መስሎታል። ሊለቀው ፈራ። አንዴ ሊያስነጥሰው ሲል እንኳ አፉን ወደ ትከሻው አዙሮ፣ እጁ ሳይነቃነቅ ነው ያስነጠሰው። በእጄ ምልክት ላሳየው እችል ነበር። አላሳየሁትም። ጥያቄ እየመለስኩ ነበር፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይራስ ብዬ ነበር።

አለፍኩ። ጥቂት እርማት አድርጊ፣ እንኳን ደስ አለሽ ተባልኩ። ላፕቶፑን ስከድነው እናቴ ጥላዋን ዘርግታ ወደ ውጭ ስትወጣ አየኋት። መሰላሉ ሥር ቆመችና ቀና አለች።

"ውረድ ልጄ" አለችው። "ሽቦው ደህና ነው። ቆሎ ነበር።"

ወረደ። ልብሱን ቀየረ፤ ጋቢ ደረብንለት። ምሳ ቀረበ። ይበልጣል ስለ ማለፌ ተደስቶ ግንባሬን ከሳመኝ በኋላ፣ ዓይኗን ነክቻት እንደሆነ ከፊቴ ሊያነብ ሲሞክር፣ እኔ ወጡን አተኩሬ አየሁ። እናቴ ግን አጎረሰችውና፣ እያኘከ መናገር በማይችልበት ሰዓት፣ ቀስ ብላ ጀመረች።

"የመጣሁት ለሳምንት ነበር" አለች። "ሳምንቱ ሲያልፍ ፓስወርዱን ቀይረህ ስልኬን እንደገና ከዋይፋይህ ጋር አገናኝተህ ሰጠኸኝ። እኔ ደግሞ ያልነካሁት ነገር አይገባኝም፤ ስነካካው 'አካፍል' የሚል አገኘሁ። ስጫነው አራት ማዕዘን ሥዕል አወጣ። ከሥዕሉ ሥር ፓስወርዱ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።"

ይበልጣል ማኘኩን አቆመ።

"እማማ..."

"ጨርስ፤ ዋጥ። እንዳነበብኩት ሻንጣዬን ልይዝ ነበር። ከዚያ ግን፣ ይሄ ልጅ በአፉ እስኪጠይቀኝ ስንት ቀን ይታገሣል አልኩና ቆየሁ። ይኸው ዛሬም አልጠየቅኸኝም። መሰላል ላይ ወጣህ እንጂ።"

ለካ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። ሳቄ አሁንም ሊመጣ ሲል የይበልጣልን ዓይን አየሁትና ተመለሰ። ጋቢው ውስጥ ትንሽ ሆኖ ነበር።

"እርስዎን ጠልቼ አይደለም እማማ" አለ። "ማታ ማታ ስትስቁ... እኔ መሃል እቀመጣለሁ። በምን እንደምትስቁ አላውቅም። በኔ ይሆናል እላለሁ። የገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። እርስዎ ሲሄዱ ትርንጎ ወደ አማርኛ ትመለሳለች ብዬ ነው።"

ትርንጎ እኔ ነኝ። ጉርሻ ጠቅልዬ ይዤ የት እንደማደርሰው ጠፋኝ። እናቴ የመምህርት ፊቷን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

"በአንተ ስቀን አናውቅም" አለች። ትንሽ አሰበችና፣ ውሸት ስለማትችል፣ "ከፎጣው በስተቀር" አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ይበልጣል ነው። አልዘገየም። ከዚያ ሦስታችንም፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ።

ምሳው ሲነሳ ይበልጣል ስልኩን አወጣና ፓስወርድ የሚቀየርበትን ቦታ ከፍቶ ለእናቴ ሰጣት። "እርስዎ ያውጡት" አላት፤ ጀርባውንም ሰጠ። ከዚያ በፊት ለማንም ያላደረገው ነገር ነው፤ ዘውዱን አውርዶ እንዳስረከባት ቁጠሩት። እኔም ዞርኩ። እናቴ በአንድ ጣቷ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጻፈች። በቤቱ ያለው ስልክ ሁሉ እኩል ተቋረጠ።

"በአዊኛ ነው" አለች። "አንዲት ቃል ናት። ነገ መናኸሪያ ስትሸኙኝ እነግራችኋለሁ።"

"ወዴት ነው የሚሄዱት? ገና ነው እንጂ" አለ ይበልጣል። እምላለሁ፣ ከልቡ ነበር።

በማግሥቱ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ ቃሏን ነገረችን። ይበልጣል ወደኔ ዞረና "ምን ማለት ነው?" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ተስፋ ሞልቶ። እኔም፣ አፌን በአዊኛ ፈትቼ፣ በአዊኛ ስስቅ ያመሸሁት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ባሌን መሃል ያስቀመጥኩት እኔ፣ ያቺን ቃል በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። እናቴ ፊቴን አይታ መሳቅ ስትጀምር ሚኒባሱ ተነሳ፤ ሳቋን ይዟት ሄደ።

ዳንግላ ስትደርስ ደወልን። አባቷ ሲያርሱበት ከነበረው ዕቃ የአንዱ ክፍል ስም ነው አለች። የቱ ክፍል? እሱን አሁን አልናገርም አለች። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ነው የጻፍሽው? እሱንም አልናገርም፤ መጀመሪያ ሁለታችሁም የሌሎቹን የእርሻ ዕቃዎች ስም በአዊኛ አጥኑና አስረዱኝ፣ ያኔ አጻጻፏን እነግራችኋለሁ አለች። ቃሏን እንደሰማናት በየዓይነቱ እየጻፍን ሞከርናት። አዊኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ እንደ ጻፊው ነው፤ የእናቴ ጣት የወደደውን ልናገኝ አልቻልንም። የኔ አዊኛ የሳሎን አዊኛ ሆኖ ተገኘ፤ ከሶፋ ወርዶ እርሻ ያልረገጠ። አሁን አመሻሽ ላይ ሶፋው ላይ ሁለታችን እኩል ተማሪዎች ሆነን እንቀመጣለን፤ ስልኩ መሃል ላይ ነው። እናቴ የእርሻ ዕቃ ስም ትናገራለች፣ ይበልጣል ይደግማል፣ ስሕተቱ እዚያ ማዶ ያሉትን ጎረቤቶቿን ሁሉ ያስቃቸዋል፤ እሱ ደግሞ በምን እንደሳቁ ስለሚያውቅ አብሯቸው ይስቃል። ከኔ ቀድሞኛል። የማይገባኝ ነገር ሲያወሩ እየሰማሁ ነው።

እስከዚያው የምንጠቀመው ስንታየሁ በቅርቡ ያስገባውንና በግድግዳው በኩል የሚመጣውን ዋይፋይ ነው። የጽሑፌን እርማት የላክሁትም በዚያው ነው። ለዚህም ይሆናል፣ ባለፈው እሑድ ስንታየሁ አንድ ቀጭን መርፌ ይዞ መጣ።

"እስከ መቼ ነው የምትሰቃዩት?" አለ። "ከሳጥኗ ጀርባ አንዲት ቀዳዳ አለች። በዚህች ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ሁሉንም ትረሳለች፤ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።"

ወደ ብፌው ሲራመድ ይበልጣል ቀደመው። ሳጥኗን አነሳና ጋቢው ውስጥ ሸጎጣት።

"ተዋት ስንታየሁ" አለው። "ገና ቀንበር ላይ ነን።"